ሸኝቶ የቀረው፦ ልጅ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሲሄድ ወላጅ ሐዘኑን የተሸከመበት መንገድ

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የሚቆጠረው የዘመተው፣ የወደቀውና ድል ያደረገው ነው። የጦር አዝማቹ ስም፣ የሠራዊቱ ብዛት፣ የተማረከው መድፍ ቁጥር በየመዝገቡ ይገኛል። ዘማቹን ሸኝቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው ወላጅ ግን በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ የለውም። ይሁንና እያንዳንዱ ዘማች እናትና አባት፣ አያት፣ እኅትና ወንድም ያለው በመሆኑ፣ በማናቸውም ዘመቻ ከተሰለፈው ይልቅ ሸኝቶ የቀረው ይበዛል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ጦርነቱን ያለ መሣሪያ፣ በሆዱ ሲዋጋ የኖረ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልጅ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሲሄድ ወላጅ ሥጋቱንና ናፍቆቱን በምን ዓይነት መንገድ ሲሸከም እንደኖረ፣ የሸክሙም ክብደት ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደተለወጠ መመርመር ነው። ለምርመራችን መነሻ የምናደርገው ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ቁልቁለት እስከ ዛሪማና አዲ አርቃይ ያለውን አገር ነው።

መንገዱ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች የስሜን ከተማ ናት። ከእርሷ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደጋው በድንገት ያበቃና ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዛሪማንና አዲ አርቃይን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ይዘልቃል። መኪና የሚያልፍበትን ጥርጊያ የሠራው ፋሽስት ጣልያን በወረራው ዘመን ነው።

በዚህ አገር ጦር ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነፁት በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ ግንባር ወራሪውን ገጠመ። በመስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ በወልከፊት መሽጎ የቆየው የጣልያን ጦር ለአርበኞችና ለእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ።

ይህ መንገድ ለወላጅ የሚሰጠው ትርጉም ከሌላው አገር ለየት ይላል። ከዳባት ወይም ከደባርቅ የተመለመለ ወጣት ወደ ማሠልጠኛ ሲወሰድ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎንደርና ከዚያም ወዲያ ወዳለው አገር ነው። ግንባሩ ግን ብዙውን ጊዜ በሰሜን ነበር። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ሁለት ጊዜ ይሸኘዋል። የመጀመሪያው ሽኝት በዓይን የሚታይ፣ ስንቅ የተቋጠረበት፣ ምርቃት የተሰጠበት ነው። ሁለተኛው ግን ሽፍን የጭነት መኪናዎች ተከታትለው ወደ ሊማሊሞ በሚወርዱበት ሰዓት የሚሆን ነው። እናት የትኛው መኪና ልጅዋን እንደያዘ፣ ይያዝ ወይም አይያዝ አታውቅም። የመንገድ ዳር ሰው የሌላውን ልጅ እንደራሱ ልጅ አድርጎ የሚሸኝበት ልማድ በዚህ ዓይነት አገር ቢጠነክር የሚያስደንቅ አይደለም።

ልጅ በአባቱ ደጅ የሠለጠነበት ዘመን

በቀድሞው ዘመን ወታደር የሚሠለጥንበት የተለየ ሰፈር አልነበረም። ማሠልጠኛው ቤቱና መንደሩ ነበር። ልጅ ከብት ሲጠብቅ በወንጭፍ፣ ገና ሲጫወት በዱላ፣ ከፍ ሲል በጉግስና በአደን ዓይኑንና ክንዱን ያለማምዳል። ፉከራና ቀረርቶን ከአባቱና ከአጎቶቹ አፍ ይማራል። መሣሪያ የሚያስታጥቀው፣ አያያዙንም የሚያሳየው አባቱ ነው። ስለዚህም የክተት ነጋሪት ሲጎሰም አባት ለልጁ የሚያደርገው ነገር አያጣም ነበር። በቅሎውን ይመርጥለታል፤ ጦሩን ይስልለታል፤ በማን ስር እንደሚያድር፣ ከማን ጎን እንደሚሰለፍ ይነግረዋል። ሥጋቱን በሥራ ይወጣዋል።

የዚያን ዘመን ሸኚ ሐዘኑን ችሎ እንዲኖር የሚረዱት አራት ድጋፎች ነበሩ ለማለት ይቻላል። አንደኛ፣ ልጁ የሚከተለው አለቃ የሚታወቅ ያገር ሰው ነው፤ ቢከፋም ቢለማም የሚጠየቅበት ደጅ አለ። ሁለተኛ፣ የዘመቻው ጊዜ ልክ አለው፤ በአብዛኛው በበጋ ይወጣል፣ ክረምት ሲገባ ይበተናል። ሦስተኛ፣ ሰፈሩ ከቤተሰብ ፈጽሞ የተቆረጠ አይደለም፤ ሚስትና እኅት ፈጭታና ጋግራ ትከተላለች፤ ከሰፈር የሚመለሰውም ሰው ወሬ ያደርሳል። አራተኛ፣ ልጁ ቢሞት መርዶ የሚያረዳ፣ አሟሟቱን አይቶ የሚመሰክር ጓደኛ አለ፤ ለቅሶው በወጉ ይለቀሳል፣ አልቃሽ ስሙን ታነሣዋለች።

ይህን ስንል ያንን ዘመን የደስታ ዘመን አድርገን ለመሳል አይደለም። የሚያልፈው ሠራዊት የሚቀለበው ከባላገሩ ጎተራ ነበር። በጥይት ከሞተው ይልቅ በረኀብና በበሽታ የረገፈው የበዛባቸው ዘመቻዎችም ነበሩ። የምንለው ሐዘኑ የታወቀ ቅርጽ ነበረው ነው።

የዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ የሚሆነን አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ነው። አዋጁ ጉልበት ያለውን በጉልበቱ እንዲረዳ ሲጠራ፣ ጉልበት የሌለውን ደግሞ በሐዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል። ይህ ቃል በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። አዋጁ ሽማግሌውንና እናቲቱን «አታልቅሱ» አላለም። ሐዘናቸውን ከጦሩ ጎን አሰለፈው እንጂ። እቤት የቀረው ሰው ሐዘን እንደ ድካም ሳይሆን እንደ አስተዋጽኦ ተቆጠረ። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው አድዋ ድረስ ዘምተው ሴቶች ለተዋጊው ውኃ እንዲያቀርቡ ማድረጋቸውም ሸኚና ዘማች ያልተለያዩበትን ዘመን ያስታውሰናል።

የጎንደር አገር ወላጅ በልጅ መለየት ረገድ ሌላም የቆየ ልምድ ነበረው፤ ይኸውም የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቅኔና ድጓ ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞረው ልጅ ለዓመታት የማይመለስበት ጊዜ ነበር። አንዳንዱም ሳይሰናበት በሌሊት ይጠፋ ነበር። ወላጅ ይህን ሲችል የኖረው እርሱ በማያውቀው መንደር ሌላ እናት ለልጁ ቁራሽ እንደምትሰጠው ስለሚያምን፣ እርሱም በበኩሉ በደጁ ለቆመው ተማሪ ስለሚሰጥ ነው። ይህ የመለዋወጥ እምነት ኋላ ለወታደር ልጅም ተርፏል። መንገደኛ ወታደር ሲመጣ ውኃና እንጀራ የምታቀርብ እናት «የኔንም እንዲሁ የሚያበላው አይጣ» ትላለች።

ካምፕ የሚባለው ነገር

ማሠልጠኛ ከቤት የተለየው ዘመናዊ ሠራዊት ሲቋቋም ነው። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች መሪነት ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. የሐረር ጦር አካዳሚ ሥራ ጀመረ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ተጓዘ፤ በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። በዚህ ጊዜ ወላጅ ልጁን የሚሸኘው ስሙን እንኳ ሰምቶ ወደማያውቀው፣ ባሕር ተሻግሮ ወደሚገኝ አገር ነበር። ሆኖም ወደነዚህ ተቋማት የገባው በቁጥር ጥቂት፣ በምርጫ የተወሰደ ነው። ውትድርና ደመወዝ የሚከፈልበት እንጀራ ሆነ። ልጁ የደንብ ልብሱን ለብሶ ለዕረፍት ሲመጣ የእናቱ ጭንቀት በኩራት ይካካስ ነበር።

ነገሩ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ የሆነው ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ታወጀ። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ገበሬ በአዲስ አበባ አቅራቢያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሚሊሺያ ተባለ። የሶማሊያ ጦር ወረራውን በሐምሌ 1969 ሲያስፋፋ ይኸው ሠራዊት ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ወራሪው በግልጽ የሚታይ ስለነበረ የብዙው ወላጅ ሐዘን ምክንያት ያለው ሐዘን ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት እንዲቆይ አዋጁ አስገደደ። በወረቀት ላይ ሲታይ የጊዜ ልክ ያለው፣ ሥርዐት ያለው አገልግሎት ነው። በተግባር ግን ጦርነቱ ስላላለቀ ሁለቱ ዓመት እየተራዘመ ሄደ። ኮታው ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ተደለደለ፤ ኮታ ሲጎድል የሚሞላው በአፈሳ ሆነ። ወጣቱ ከቤቱ ርቆ ከማሳና ከጫካ የሚያድርበት፣ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚፈራበት ጊዜ መጣ።

ከላይ የዘረዘርናቸው አራት ድጋፎች አንድ በአንድ የወደቁት በዚህ ወቅት ነው። አለቃው የማይታወቅ ሆነ፤ የመመለሻው ቀን ጠፋ፤ ወሬ ተቋረጠ፤ መርዶም ብዙ ጊዜ አልመጣም። በተለይም የአባት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ቀድሞ ልጁን ያስታጥቅና ያሠለጥን የነበረው አባት አሁን የሚያደርገው ነገር አጣ። መሣሪያውን የሚሰጠው፣ አካሄዱን የሚያስተምረው መንግሥት ነው። በባህላችን ወንድ በአደባባይ አያለቅስም፤ ሥጋቱን በሥራና በፉከራ ይወጣል እንጂ። ሥራው ሲወሰድበት የቀረው ዝምታ ነው። እናት ትቋጥራለች፣ ትሳላለች፣ ታንጎራጉራለች፤ አባት ግን በሬውን ፈትቶ ከማሳው ዳር ይቀመጣል። በጦርነት ዘመን ስለ እናቶች እንባ ብዙ ሲባል ስለ አባቶች ዝምታ የተባለው እጅግ ጥቂት ነው።

ሌላው ከባድ ነገር ሐዘኑ ጎረቤትን ከጎረቤት ማጋጨቱ ነው። በክተት ዘመን የጠራው ንጉሥ ነው፤ ሁሉም በአንድ ነጋሪት ይነሣል። በኮታ ዘመን ግን ስም የሚጽፈው የሠፈሩ ሰው፣ ምናልባትም የክርስትና አባት ወይም የጽዋ ማኅበርተኛ ነው። «የኔ ልጅ ሄዶ ያንተ ለምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ በአፍ ባይነገርም በየቤቱ ያድራል። የጋራ ሸክም የግል ቂም ሆነ ማለት ነው።

ደብዳቤው

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። ብዙ ጎልማሶችና እናቶች በዛፍ ጥላ ስር ፊደል ቆጠሩ፤ ዘመቻውም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ያው ዐሥር ዓመት ለወላጅ ፊደል ሰጥቶ ልጁን ወሰደው። ቀድሞ የወታደር ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው የቄስ ተማሪ ወይም የጎረቤት ልጅ ነበር። አንባቢው በሚነበበው ላይ ርኅራኄውን ይጨምርበታል፤ ክፉውን ይዘላል፣ ሰላምታውን ያረዝማል። ራስዋ ማንበብ የጀመረች እናት ግን ደብዳቤውን ከማንም ጋር አትጋራም። ቀኑን ትቆጥራለች፤ ከተጻፈ ስንት ወር እንደሆነው ታያለች። ማንበብ ብርሃን የመሆኑን ያህል የመጠበቅን ጭንቀት የሚለካ ሚዛንም ሆነ።

የዚህ ዘመን መጨረሻ ምሳሌ ብላቴ ነው። በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ተማሪዎች በደቡብ ወደሚገኘው የብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ብሎ በሰየመው ጥቃት ጎንደርንና ጎጃምን ይዞ ነበር። ልጁን ለትምህርት አዲስ አበባ የላከ የጎንደር ወላጅና ብላቴ የገባው ልጁ በሁለት ጦር ግንባር ተለያዩ። ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ሲወጡ ሠልጣኞቹ ተበተኑ፤ ብዙዎችም በእግር ኬንያ ገቡ። ልጄ ተማሪ ነው ብሎ የተቀመጠ ወላጅ ወታደር፣ ከወታደርም ስደተኛ መሆኑን የሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር።

የመጽናኛ ጥበብ

ድጋፉ ሁሉ ሲወድቅ ወላጅ በምን ቆመ? በእጁ በቀረው ጥበብ ነው። ወገራና ስሜን የገብስ አገር ነው። እናት ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ በሶ ታደርገዋለች፤ ዳቦ ቆሎ ትቆላለች። ካምፑ ለሠልጣኙ ቀለብ እንደሚሰፍር ታውቃለች። ስንቁ ግን ለልጁ ረኀብ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለእጅዋም ሥራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትቆላና ስትፈጭ የምታድር እናት እስኪነጋ ድረስ የምትይዘው ነገር አላት።

ሁለተኛው ስለት ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ለእመቤታችን ጃንጥላ፣ ሻማ፣ ድግስ ትሳላለች። ስለት በባሕርዩ ወደ ፊት የሚመለከት ነው፤ «ልጄ ሲመለስ» የሚል ቀን በልቡና ውስጥ ይተክላል። አዋጁ የነፈጋትን የመመለሻ ቀን እርስዋ በስለትዋ ታቆመዋለች።

ሦስተኛው ቃል ነው። ምርቃቱ አጭር ነው፦ እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ። ሞት የሚለው ቃል በምርቃት ውስጥ አይገባም፤ ከሁሉ ትልቁ ፍርሃት በትንሹ እሾህ ይተካል። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ቤት ብቻ እንዳልተሰጠ ከዚህ እንረዳለን። ከሽኝቱ በኋላ ደግሞ እንጉርጉሮ ይመጣል፤ በወፍጮ ላይ፣ በውኃ መንገድ፣ ብቻ ሲሆኑ። ፉከራ ለዘማቹ እንደሆነ ሁሉ እንጉርጉሮ ለሸኚዋ ነው።

አራተኛው ስም ነው። ከሞት በኋላ ለሚወለድ ልጅ ካሣ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ የሚሉ ስሞች ይወጣሉ። ሕዝባችን የጎደለበትን ሰው ቁጥር በየልጆቹ ስም ጽፎ አኑሯል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በሩስያ ምልምል ገበሬ እስከ 25 ዓመት የሚያገለግልበት ዘመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በወጣው ሕግ ወደ 6 ዓመት እስኪወርድ ድረስ መንደሩ ምልምሉን የሚሸኘው እንደ ሙት እያለቀሰ ነበር። ባርሶቭ የተባለ ተመራማሪ ኢሪና ፌዶሶቫ ከተባለች ገበሬ አልቃሽ አፍ የሰበሰባቸውን የምልምሎች ሙሾዎች እ.ኤ.አ. በ1882 በመጽሐፍ አሳተመ። የአንዲት ማንበብ የማትችል ገበሬ ቃል የታሪክ ሰነድ ሆነ። በእኛም ዘንድ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የብሬሽትን ድራማ መሠረት አድርጎ በ«እናት ዓለም ጠኑ» ልጆችዋን ጦርነት የበላባትን እናት ወደ መድረክ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የየመንደሩ ሸኚ የተናገረው ቃል በብዛት ተሰብስቦ አልታተመም።

ግንባር ወደ ቤት ሲመጣ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብሔራዊ ውትድርና ቀረ። የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ፤ ብዙው በእግሩ እየተጓዘ፣ አንዳንዱም እየለመነ አገሩ ገባ። ያልተመለሰው ግን ሞተ ወይም ኖረ የሚል ሳይገኝለት ቀረ። «ቁርጡን ማወቅ» የሚለው ያማርኛ አባባል ክብደቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሙት ይለቀስለታል፤ ሕያው ይጠበቃል፤ ቁርጡ ያልታወቀ ግን አይለቀስለትም፣ መጠበቁም አያልቅም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ብር ሸለቆ፣ ሁርሶ፣ ጦላይ፣ ብላቴ በየቤቱ የሚነሡ ስሞች ሆኑ። የባድመ ግንባር መንገድም በሊማሊሞ ያልፍ ነበርና የደባርቅ ሰው እንደገና በመንገድ ዳር ቆመ። ጦርነቱ በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ተዘጋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ግን ሌላ ታሪክ አመጣ። በ2013 ክረምት ውጊያው አዲ አርቃይንና ዛሪማን አልፎ ደባርቅ አቅራቢያ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ። ልጁን ወደ ማሠልጠኛ የሸኘ ወላጅ ራሱ በግንባር ውስጥ ተገኘ። ከሁለቱ ለማን ማዘን እንደሚገባ፣ ሸኚው ማን፣ ተሸኚው ማን እንደሆነ የማይለይበት ጊዜ ሆነ። ከተከዜ ማዶም ያለች እናት በዚያው ክረምት ልጅዋን ሸኝታ ትጠብቅ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም በሁለቱም ወገን ቁርጡን የሚጠብቅ ቤት ብዙ ነበር። በዚህ ዘመን የደብዳቤውን ቦታ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወስዶታል። ደብዳቤ ቢዘገይ መንገዱን ያማሉ፤ የማይነሣ ስልክ ግን ምክንያት አያሰጥም።

የጋራ ዕዳ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አለ። የወላጅ ሐዘን አገርን አያዳክምም። የ1888ቱ አዋጅ ይህን ያውቅ ነበር፤ የኮታው ዘመን ረሳው። ሐዘኑን በመፈክር ለመሸፈን የሞከረ ሹም ሐዘኑን አላጠፋውም፤ ወደ ቂምና ወደ ዝምታ ለወጠው እንጂ። ሸኚ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ልጁ ያለበትን ማወቅ፣ የሚመለስበትን ቀን መስማት፣ ካልተመለሰም በወጉ መርዶ መነገር ነው። ይህ ከማንም ሹምና ካድሬ ሊጠየቅ የሚገባው ዕዳ ነው።

መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎችም የራሳችን ዕዳ አለብን። ፉከራውን ሰብስበናል፤ ቀረርቶውን በመድረክ አሰምተናል። እንጉርጉሮውን ግን ከወፍጮው ጋር ተቀብሮ እንዲቀር እየተውነው ነው። በታጠቅ ዘመን ልጆቻቸውን የሸኙት እናቶችና አባቶች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የቀሩትም ሸምግለዋል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ ቃላቸውን ያስጽፍ፤ ጸሐፌ ተውኔቱም ከማሳው ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠውን አባት ወደ መድረክ ያምጣው። የዘማቹ ታሪክ ሙሉ የሚሆነው የሸኚው ታሪክ ሲጻፍ ነው።